ለፈረስ ዕረፍት የሚሰጥ እንክብል

ባለጋሪው ይበልጣል ከደብረ ማርቆስ ደውሎ «አያ ደምለው አረፉ» ሲለኝ ከሐዘኑ ቀድሞ ጆሮዬ የያዘው ግሡን ነበር። አረፉ። የሚያከብረው ሰው መሞቱ ሲነገረው ቃል የሚመረምር ሰው፣ እዚያ ቃል ሥር የደበቀው ነገር አለ ማለት ነው።

«መቼ?» አልኩት።

«ከትናንት በስቲያ። ቀብረናቸው መጣን። ደብረ ኤልያስ እህታቸው ዘንድ ነበሩ አይደል? ለአርባቸው የሕይወት ታሪካቸው ይነበብ ተባለና እኔ አንተን ጠራሁ። ጸሐፊ ነህ፤ እሳቸውንም ታውቃቸዋለህ።»

«አውቃቸዋለሁ።»

«ደኅና አድርገህ ጻፈው እንግዲህ መምህር። ቃል ሲበላሽ አይወዱም ነበር።»

በዚህ ንግግሩ ውስጥ አሽሙር አልነበረም። ይበልጣል አሽሙር አያውቅም። አሽሙር የእኔ ሙያ ነው፤ ሰው ሁሉ ያመሰገነውን ስነቅፍ፣ ሰው ሁሉ የነቀፈውን ሳመሰግን የጋዜጣ ዓምድ ስሞላ ኖሬያለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን ተቃውሜው የማላውቀው አንድ ሰው ቢኖር ራሴን ነው።

አያ ደምለውን ያወቅኋቸው ባጃጅ ደብረ ማርቆስ ሳይገባ፣ ከተማው ሁሉ በጋሪ በሚሄድበት ጊዜ ነው። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ከተከራየሁበት ቤት ጀርባ የባለጋሪዎቹ ማኅበር ግቢ አለ፤ በባሕር ዛፍ የተማገረ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ረጅም ጋጣ። ርቀው የሚኖሩ ባለጋሪዎች ፈረሳቸውን እዚያ ያሳድራሉ። ጠባቂው አያ ደምለው ነበሩ። መኖሪያቸውም እዚያው ጋጣው ጫፍ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። በግድግዳዋ በኩል ፈረሶቹ ሲያኝኩ ይሰማል።

ቀጭን ሰው ነበሩ። የቀኝ እግር ሱሪያቸው በክረምትም በበጋም እስከ ጉልበታቸው ተጠቅልሎ ነው የሚውለው። መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ ቁስል ያለባቸው መስሎኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ፈረሶቹ ሲወጡ እያንዳንዷ ጋጣ ውስጥ ይገቡና በባዶው ቀኝ ጉልበታቸው መሬቱ ላይ ይንበረከካሉ። እዚያው ትንሽ ይቆያሉ። ከዚያ ይነሱና ጉልበታቸውን ያዩታል፤ በመዳፋቸው ይዳብሱታል፤ አንዳንዴም ያሸቱታል። ከረጠበ የፈረሱን ባለቤት ስም ጠርተው ግቢው መሐል ያቆሙታል።

«አንተ፣ ትናንት የት አደርክ?»

«ቤቴ ነዋ አያ።»

«አልጋ ላይ?»

«አልጋ ላይ።»

«ፈረስህ ሽንቱ ላይ ቆሞ አደረ። እስቲ ና ጉልበቴን ንካ።»

ሰውየው ሰው እያየው ጎንበስ ብሎ የሽማግሌ ጉልበት ይነካል። ከዚህ የሚብስ ቅጣት ግቢው ውስጥ አልነበረም።

ባለጋሪዎቹ «አያ ለፈረስ ይሰግዳሉ» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። እሳቸውም «ስግደቱ ለአንዱ ነው፤ ለፈረሱ ጉልበቴን ብቻ ነው የሰጠሁት» ይሉ ነበር። አንድ ቀን እኔም ይህን ያህል ስለ መሬቱ ለምን እንደሚጨነቁ ጠየቅኋቸው። መልሳቸው ቃል በቃል ትዝ ይለኛል። «ፈረስ ቆሞ ይሠራል፤ ቆሞ ይበላል፤ ቆሞ ያንቀላፋል። በዚህ ዓለም ላይ ያለችው ርስት ከአራት ሰኮናው ሥር ያለችው ናት። እሷን እንኳ ደረቅ አናድርግለት?»

ቅኔ ቤት ብዙ ዓመት ቆይተው ነው ወደ ፈረስ የዞሩት። ለምን እንደተዉ ሲጠየቁ «ድምፄ ለማኅሌት አልሆነም» ይላሉ። ለፈረስ ግን ሆነ። ማንም ሊያስረው ያልቻለ እንቢተኛ ፈረስ፣ እሳቸው በአፍንጫቸው ዜማ እያንጎራጎሩ ሲቀርቡት አንገቱን ይሰጣል።

ከክረምቱ ጋር ግን ዜማ አልረዳቸውም። የደብረ ማርቆስን ሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል። የጤፍ ጭድ ቢያነጥፉለት ፈረሱ በልቶት ያድርና ባዶ መሬት ላይ ይቆማል። የስንዴው ጭድ ደግሞ ውሃ ይጠጣና ይበሰብሳል። ከአናጢዎች ዘንድ ሰጋቱራ በማዳበሪያ ያስመጡ ነበር፤ እሱም ከእርጥብ ባሕር ዛፍ የወጣ፣ ሚስማር የተቀላቀለበት ነው። ከተበላሸ ራዲዮ ያወጡትን ማግኔት በገመድ አስረው እንደ ማረሻ ሰጋቱራው ውስጥ ይጎትቱታል። የለቀሙትን ሚስማር አቃንተው ለአናጢዎቹ ይመልሳሉ። «ይኸው ረስታችሁት ነበር» ይሏቸዋል።

በዚህ መሐል ነው የጋማ ከብቶችን እንረዳለን የሚል አንድ የውጭ ድርጅት ወደ ግቢው የመጣው። ይዞት የመጣው ነገር በላስቲክ ከረጢት የታሸገ፣ ጥፍር የሚያካክል፣ ልሙጥና ጠንካራ ፍሬ ነበር። ደረቅ የጥድ ሰጋቱራ በመኪና ተጨምቆ የተሠራ ነው። ጋጣው ውስጥ ይፈስና ውሃ ይርከፈከፍበታል፤ ፍሬው ያብጥና ይፈርሳል፤ ፈረሱ የሚቆምበትና የሚተኛበት ደረቅ ንጣፍ ይሆናል። ሽንት ሲነካው የነካው ቦታ ብቻ ይጓጉላል፤ ያንን አንስቶ መጣል፣ በምትኩ ትንሽ መጨመር ነው።

አንባቢ ከዚህ በኋላ የሚመጣውን የሚያውቀው ሊመስለው ይችላል። የእንጨት ብናኝ እያቃጠለ ለሚጥል ከተማ የእንጨት ብናኝ በመርከብ መላክ! እኔም ያን ቀን ይኸንኑ ነው ያልኩት፤ ባለጋሪዎቹም ስቀውልኛል። ነገር ግን ቀልዴ አንድ ጉድለት ነበረበት። ዕቃው ጥሩ ዕቃ ነበር።

እሱን ያረጋገጡት እኔ ስቀልድ ዝም ብለው የነበሩት ሰው ናቸው። አያ ደምለው አንዷን ፍሬ አንስተው ነከሷት፤ ተፏት። «ጥድ ነው» አሉ። እፍኝ ያህል ጣሳ ውስጥ ጨምረው ውሃ አፈሰሱበትና ቁጢጥ ብለው ጠበቁ። ፍሬዎቹ ማበጥ ሲጀምሩ ጠሩኝ።

«ና እየው፤ እንደ ተሾመ ሰው ተነፋ።»

አንዲት ጋጣ ውስጥ አንጥፈው ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ተንበረከኩ። በሰባተኛው ቀን ግቢው መሐል ቆመው ቀኝ እግራቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። «ንካው» አሉኝ። ደረቅ ነበር።

«እኒህ ሰዎች ፈረስ ያውቃሉ» አሉ።

እኔ ሳልነካው ፈረድኩ፤ እሳቸው በጉልበታቸው ፈረዱ። በልዩነቱ ማፈር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር። ግን ገና ብዙ የማፍርበት ነገር ነበርና ተራው አልደረሰም።

ድርጅቱ ለባለጋሪዎቹ የሚታደል አንድ ገጽ መመሪያ አዘጋጅቶ ነበር፤ በእንግሊዝኛ። የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ፈረስ የሚተኛበትን ንጣፍ የአገሩ ሰው ጉዝጓዝ ነው የሚለው። ይህን ቃል አውቀዋለሁ። ግን ለኅትመት የሚበቃ ቃል አልመሰለኝም፤ የገጠር ሸተተኝ። መጽሐፍ ያነበበ ሰው ቀላሉን ቃል ሲንቅ፣ ካነበበው ሁሉ ምንም እንዳልገባው የሚታወቀው በዚህ ነው፤ እኔ ግን ይኸን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። የመመሪያውን ርእስ በትልልቅ ፊደል እንዲህ ብዬ ጻፍኩት፦ «ለፈረስ ዕረፍት የሚሰጥ የእንጨት እንክብል።» ከሥሩ፦ «እንክብሉ በንጹሕ ውሃ ይራስ። እስኪያብጥ ይጠበቅ። ከዚያ በኋላ ለፈረሱ ይቅረብ።»

ለማሳተም ከመስጠቴ በፊት ረቂቁን ይዤ ወደ ጋጣው ሄድኩ። አስተያየት ፈልጌ አይደለም፤ ሙገሳ ፈልጌ ነው። አያ ደምለው ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው በጸጥታ አነበቡት።

«ይኼ ምንድን ነው ያልከው?»

«እንክብል።»

«እንክብል ይዋጣል።»

«ቅርጹን ለማለት ነው አያ።»

«ባለጋሪ ቅርጽ አያነብም፤ ነገር ነው የሚያነብ። መልኩ መኖ ነው። አንተ ደግሞ ስሙን መድኃኒት አደረግኸው። ታዲያ ፈረሱ ምን ላይ ይተኛ?»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«‹ዕረፍት የሚሰጥ›ስ?»

«እንግሊዝኛው እንደዚያ ይላል። ምቾትና ዕረፍት።»

«ዕረፍትማ ሁለት ናት። አንዷ ከሥራ፤ አንዷ ከዓለም። ይኸን ቅኔ ቤት ብታመጣው ‹ይበል› ይሉህ ነበር።» አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ሲሸከም የቅኔ ሰዎች ኅብር ይሉታል፤ ለእነሱ ከዚያ በላይ ሙያ የለም። «ጋጣ ግን ኅብር አይወድም። እዚህ ቃል አንድ ፍቺ ነው ሊኖራት የሚገባ። ጉዝጓዝ በለው።»

«ጉዝጓዝ የድግስ ነው አያ፤ የሣር ነው።»

«የሚጎዘጎዝ ሁሉ ጉዝጓዝ ነው። ፈረስስ ድግስ አይገባውም?»

ወረቀቱን መለሱልኝ። እንዳለ አሳተምኩት።

ከባለጋሪዎቹ አብዛኞቹ ማንበብ ስለማይችሉ ወረቀቱ ብዙም አልጎዳቸውም። አያ ደምለው አንድ በአንድ እየጠሩ ጋጣ ውስጥ አስገብተው በእጃቸው አሳዩዋቸው፤ «ይኼ አይበላም፤ ይነጠፋል» አሏቸው። ወረቀቱ የጎዳው ማንበብ የሚችለውን ነው።

ይበልጣል የአማኑኤል አካባቢ ሰው ነው። ያን ጊዜ ሠላሳዎቹ ውስጥ ነበር፤ የጎልማሶች ትምህርት ገብቶ ፊደል ከቆጠረ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ማንበብ ከጀመረ ወዲህ ጋሪው ላይ መሳፈር ራሱን የቻለ ትዕይንት ሆኖ ነበር። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን የሱቅ ሰሌዳ ሁሉ ጮክ ብሎ ያነባል፤ «ሥ-ጋ ቤት! የወ-ን-ዶች ፀጉር ማስ-ተ-ካ-ከያ!» ተሳፋሪው ይሥቃል፤ ፈረሱም ለምዶት በየሰሌዳው ዝግ ይላል። ፈረሱ ቀይ ጠጉር፣ ጥቁር ጋማ ያለው መጋል ነው። ስሙም መጋሉ ነበር። በዚያ ክረምት ጭቃው ውስጥ ሲጎትት ከርሞ ከስቶ፣ የጎን አጥንቱ ይቆጠር ነበር።

ይበልጣል ፈረሱን ቤቱ ነበር የሚያሳድረው፤ አያ ደምለው ለሌሎቹ ሲያሳዩም አልነበረም። ድርሻውን ሊወስድ የመጣ ዕለት እኔም ግቢው ውስጥ ነበርኩ።

«ና፤ አሠራሩን ላሳይህ» አሉት አያ ደምለው።

«ወረቀት አለው አይደል አያ?»

«አለው።»

«እንግዲያ አይንገሩኝ! አነበዋለሁ።»

አያ ደምለው ቆም አሉ። ከዚያ ፊታቸው በራ፤ ልጁ ዲቁና የተቀበለለት አባት መሰሉ። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው አድርገው ሰጡት። ይበልጣል ከረጢቱን ትከሻው ላይ፣ ወረቀቱን ደረቱ ላይ አድርጎ ወጣ።

አንድ ቃል መናገር እችል ነበር። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ተነግሮኛል። ያን ብናገር ግን ወረቀቴ ሰው ካላስረዳው በቀር የማይገባ ወረቀት መሆኑን ማመኔ ነው።

ይበልጣል በትጋት አነበበ። ለፈረስ ዕረፍት የሚሰጥ ይላል፤ መጋሉ ደክሟል። እንክብል ይላል፤ የጤና ጣቢያውን እንክብል ያውቀዋል። የእንጨት ይላል፤ የአገሩ መድኃኒት ከእንጨት ሥርና ቅጠል አይደል የሚቀመመው? በንጹሕ ውሃ ይራስ ይላል፤ አራሰ። እስኪያብጥ ይጠበቅ፤ ጠበቀ። ለፈረሱ ይቅረብ፤ አቀረበ። መጋሉ አሽትቶ ፊቱን አዞረ። መድኃኒት መቼም አይጣፍጥም ብሎ በፉርሽካና በጨው ለወሰለት። ሁለት ቀን አበላው።

በሦስተኛው ቀን ፈረሱን እየጎተተ ግቢው ሲደርስ የፈረሱ ሆድ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ነበር። አንገቱን እያዞረ ጎኑን ያያል፤ ይተኛል፤ ይንከባለላል፤ ይነሳል። አያ ደምለው ልጓሙን ተቀብለው፣ እንዳይተኛ ግቢውን ዙሪያውን ያዞሩት ጀመር፤ እያንጎራጎሩለት። «ምን አበላኸው?» ሲሉት ይበልጣል ወረቀቱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው። አላነበቡትም። አውቀውታል። እኩለ ቀን ላይ መጋሉ ተንበረከከ፤ ከዚያ በጎኑ ወደቀና ቀረ።

አያ ደምለው አጠገቡ ተንበርክከው ቆዩ፤ እንደ ወትሮው በቀኝ ጉልበታቸው። ሲነሱ «መጋሉ አረፈ» አሉ። ወደ እኔ አልተመለከቱም። ግቢው ውስጥ ያ ቃል ምን እንደሆነ የገባን ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን።

ስብሰባው የተደረገው ከሦስት ቀን በኋላ እዚያው ጋጣ ውስጥ ነው። ድርጅቱ አንዲት ሸምገል ያለች ፈረንጅ የእንስሳት ሐኪም ላከ። የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ባለጋሪዎቹ፣ አያ ደምለው፣ የመጋሉን ባዶ ልጓም ጭኑ ላይ ያስቀመጠ ይበልጣል፣ እና አስተርጓሚው እኔ። ሐኪሟ ወረቀቱን አንስታ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ።

«አማርኛው ዕቃው ለመኝታ መሆኑን ይናገራል?»

«ይናገራል» አልኳት። «ዕረፍት ይላል።»

«ታዲያ ምን ተፈጠረ?»

«የአስረጂው ጉድለት ይመስለኛል።»

ይህን ሁሉ ማንም አልሰማም፤ በእንግሊዝኛ ነው። ሊቀመንበሩ «ምን አለች?» ብሎ ጠየቀኝ።

«‹የማስረዳቱ ኃላፊነት የማን ነበር?› ትላለች» አልኩ።

እንዲህ አላለችም። በሕይወቴ ብዙ ነገር ተርጉሜያለሁ፤ ያልተባለ ነገር የተረጎምኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቀድሞ የተናገረው ይበልጣል ነው። «አያ ሊነግሩኝ ነበር። አነባለሁ ብዬ የከለከልኳቸው እኔ ነኝ። ለካ ማንበብ አልችልም» አለ። አንዳንዶቹ ሳቁ።

አያ ደምለው ተነሱ። ወደ ሊቀመንበሩም ወደ ሐኪሟም ሳይሆን ወደ እኔ እያዩ «ወረቀቱን አስቀድሜ ያነበብኩት እኔ ነኝ» አሉና ተቀመጡ።

ተሰብሳቢው ጥፋታቸውን እንዳመኑ ሰማ። አስቀድሜ ለሁላችሁም ያነበብኩት እኔ ነኝና ተጠያቂው እኔ ነኝ እንዳሉ። እኔ ሌላውን ሰማሁ። ገና ረቂቅ ሳለ፣ በእጅ ጽሕፈትህ፣ አስቀድሜ ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ የነገርኩህም እኔ ነኝ። ጋጣ ኅብር አይወድም ያሉት ሰው በሕይወታቸው ምርጡን ኅብር ጋጣ ውስጥ ተቀኙ። ሁለተኛውን ፍቺ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ያ ሰው «እሳቸው ጥፋቱ የእኔ ነው ይላሉ» ብሎ ለሐኪሟ ተረጎመ።

ለምን እንዳላጋለጡኝ ለብዙ ዓመት በልቤ ሳብራራ ኖሬያለሁ። ለይበልጣል ሳያሳዩት በመተዋቸው ራሳቸውን ጥፋተኛ አድርገው ይሆናል። ልጆች የሚያስተምርን ሰው በአደባባይ ቃል አያውቅም ማለት ከብዷቸው ይሆናል። ምናልባትም እድል ሰጥተውኝ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግረው ተቀመጡ፤ ቀጣዩን የሚናገር ሰው ጠበቁ።

ማኅበሩ ጠባቂ ለወጠ። አያ ደምለው ልብሳቸውን በአንድ ማዳበሪያ፣ ማግኔታቸውን በኪሳቸው ይዘው ወደ ደብረ ኤልያስ ሄዱ። ይበልጣል ትምህርቱን አቋረጠ። ሌላ ፈረስ ገዝቶ ጋሪ መንዳቱን ቀጠለ፤ ሰሌዳ ማንበብ ግን ተወ። የከተማው ሰው «ይበልጣል እንጨቱ» የሚል ስም አወጣለት።

እዚህ ላይ ባበቃ ኖሮ ፈሪ ብቻ ነበርኩ። እኔ ግን ጸሐፊም ሆንኩ። አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ አንድ ጋዜጣ ቀልድ አዘል ጽሑፍ ጠየቀኝና «ፈረሱ ለምን እንጨት በላ?» የሚል ጻፍኩ። ውስጡ ለፈረስ የሚሰግድ የከሸፈ ደብተራ አለ፤ ፊደል ቆጥሮ የተራቀቀ ባለጋሪ አለ፤ የዋህ ፈረንጅ አለች። ተርጓሚ የለም። ጽሑፉ ተወደደልኝ። ዓምድ የተሰጠኝ በእሱ ነው። ዛሬም ድረስ መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሰው «ያቺ የፈረሷ!» ይለኛል፤ እኔም አንገቴን እነቀንቃለሁ።

ከዓመታት በኋላ ደብረ ኤልያስ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር አካሄዴ። አያ ደምለው የእህታቸው ግቢ ውስጥ ከአንዲት አሮጌ ባዝራ ጋር ነበሩ። ሱሪያቸው እንደተጠቀለለ ነው፤ አሁን ግን ሲንበረከኩ ምሰሶ ይዘው ነው። ከሥሯ ያነጠፉላት በፀሐይ የደረቀ ሰጋቱራ ነው። አሁንም በማግኔት ይለቅሙታል። ደስ ብሏቸው ተቀበሉኝ፤ ደስታቸው እውነተኛ ነበር፤ ያ ነው ያስቸገረኝ።

«ጽሑፍህን አነበብኩት» አሉኝ።

«የትኛውን?»

«የፈረሱን። በርበሬ ተጠቅልሎበት ከማርቆስ መጣ። ግማሹ ተቀዶ ቀርቷል። መጨረሻው ምን ሆነ?»

«እንዲያው ነው... ቀልድ ነው አያ።»

«ቀልዱንስ አየሁት። መጨረሻውን ነው የጠየቅሁህ።»

መጨረሻው ደብተራው ራሱ ጭድ ሲበላ ነበር። እሳቸው ባዝራዋን አንገቷን እያሹ ጥቂት ጠበቁኝ፤ እንደዚያ እንደ ስብሰባው ቀን። ከዚያ እንደማልናገር ሲገባቸው ራሳቸው የሚሉትን አገኙልኝ።

«አንድ ነገር ግን ደስ ብሎኛል። እዚያ ላይ ‹ጉዝጓዝ› ብለኸዋል። ያ ነው ቃሉ። ተሻሽለሃል።»

ይህን ሲሉ አላሾፉም። ፊታቸውን ደጋግሜ አስታውሼ ፈትሼዋለሁ፤ አላሾፉም። ተማሪው አንድ ቃል ያቃናለት መምህር ፊት ነበር። መቅጣት ፈልገው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ያመጣሁላቸውን ማርና ጋቢ ሰጥቻቸው፣ ይቅርታዬን ይዤው ተመለስኩ።

እንግዲህ ይበልጣል የሕይወት ታሪካቸውን ጻፍ ያለኝ እኔን ነው። ጻፍኩ። የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ «በተፈጠረ የትርጉም ክፍተት ምክንያት ሥራቸውን ለቀቁ» ይላል። ተፈጠረ፤ እንደ ዓለም። ሁለተኛው ላይ «በመመሪያው ላይ ስህተት በመገኘቱ» አልኩ። ተገኘ፤ ጫካ ውስጥ እንደተገኘ ነገር። አማርኛ ባለቤት የሌለው ግሥ ለመሥራት ምን ያህል እንደሚመች የሌሎችን ጽሑፍ ስነቅፍ ስንት ጊዜ ጽፌበታለሁ! በሦስተኛው ረቂቅ ላይ ባለቤቱን አስገባሁት።

አርባቸው ደብረ ኤልያስ እህታቸው ግቢ፣ ድንኳን ሥር ሆነ። ካህናቱ ጸሎት አድርሰው ሲቀመጡ ተነስቼ አነበብኩ። ስለ ጉልበታቸው ሳነብ ሰው ፈገግ አለ፤ ስለ ማግኔቱ ሳነብ እህታቸው አለቀሱ። ከዚያ እዚያ ቦታ ደረስኩ። «እንክብል ሲባል የሚዋጥ እንደሚመስል አያ ደምለው አስቀድመው ነግረው ነበር። የነገሩት ለእኔ ነው። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በስብሰባው ላይ የዋሸሁት እኔ ነኝ። እሳቸው አላጠፉም።»

አንድ ካህን መቋሚያቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ከኋላ፣ ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ፣ ይበልጣል ተነሳ። ጠጉሩ ሸብቷል። ይጮኽብኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ እንዲጮኽብኝም ፈለግሁ።

«መምህር» አለ። «እንግዲያ እኔ በትክክል ነበር ያነበብኩት?»

ስለ አያ ደምለው ሳፍር የኖርኩትን ያህል ስለዚህ ሰው አፍሬ አላውቅም ነበር፤ አስቤውም አላውቅም።

«በትክክል ነበር ያነበብከው» አልኩት።

በተቀመጠው ሰው መሐል እየተሸጋገረ መጣ። እጁን ዘረጋ። «አምጣው እስቲ» አለ። ወረቀቱን ሰጠሁት። ከዓይኑ አርቆ ያዘው፤ እንደ አያ ደምለው። ጣቱን ከቃሎቹ ሥር እያስኬደ፣ ከሕዝቡ ፊት፣ ፊደል በፊደል፣ እዚያ ቦታ ላይ ያለውን ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር።

«ወ-ረ-ቀ-ቱን የ-ጻፍ-ኩት... እኔ ነኝ።»

ቆመ። ጣቱ ከቃሉ ላይ ሳይነሳ ቀና ብሎ አየኝ።

«አንተ ነህ» አለ፤ አርሞ። ከዚያ ወደሚቀጥለው መስመር ወረደ።